ጥንቸሏን ሳይጎዱ የቤቷን ተባይ ማጥፋት

በጥንቸል ቤት ውስጥ ቁንጫ ሲዘል ወይም ጉንዳን ሲተራመስ ያየ ሰው፣ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፍሊቱ ነው። እባክዎን ይተዉት። ጥንቸል ገላዋን ስትልስ የምትውል፣ የቤቷን እንጨት የምትከረክም፣ አፍንጫዋ ከወለሉ የማይርቅ ትንሽ ፍጥረት ናት፤ ቤቷ ላይ የተረጨ ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሆዷ ይገባል። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። የዋጠችውን መርዝ የምትመልስበት መንገድ የላትም።

ደግነቱ አብዛኛው ሥራ መርዝ አይፈልግም። ተባዩ በብዛት የሚገኘው ከገላዋ ይልቅ በምትተኛበት ጭድ፣ በእንጨቱ ስንጥቅ፣ ከትሪው ሥር በተጋገረው ሽንትና በጠጥ፣ እንዲሁም በመኖው ጆንያ ውስጥ ነው። የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ብሩሽ፣ የፈላ ውሃና ለሦስት ሳምንት የማይሰለች ሰው ነው። አስቸጋሪው አለመሰልቸቱ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን አንድ ቀን በደንብ ያጥብና፣ በሳምንቱ ተባዩ ተመልሶ ሲያገኘው ወደ መርዝ ይሮጣል።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ ይወቁ

ሁሉም ተባይ አንድ ዓይነት መፍትሔ የለውም፤ ስለዚህ ምንም ነገር ከማጠብዎ በፊት ይመርምሩ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ሚዶ ይያዙና ጥንቸሏን ከወገቧ እስከ ማጅራቷ ቀስ ብለው ያበጥሯት። ሚዶው ላይ የቀረውን በውሃ የራሰ ነጭ ሶፍት ላይ ያራግፉ። ጥቋቁር ነጠብጣቦቹ በእርጥበቱ ዙሪያቸውን ወደ ቀይ ቡናማ ከቀየሩ፣ ያ ተራ ቆሻሻ ሳይሆን የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የተፈጨ ደም ነው። ቁንጫዋን ራሷን ባያገኟት እንኳ ምልክቱ ይበቃል።

ቁንጫ ከሌለና ጀርባዋ ላይ ፎረፎር የሚመስል ነጭ ቅርፊት ካለ፣ ቅርፊቱን ጥቁር ጨርቅ ላይ አራግፈው በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይመልከቱ። ቅንጣቶቹ ከተንቀሳቀሱ የቆዳ ቅንቅን ነው። ጥንቸሏን የሚያቅፈው ልጅ ክንዱና ደረቱ ላይ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ከወጣበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጆሮዋን የምታራግፍና የምትቧጥጥ ከሆነ ደግሞ የጆሮዋን ውስጥ በባትሪ ይዩ። ተደራርቦ የተጋገረ ቡናማ ቅርፊት የጆሮ ቅንቅን ምልክት ነው። ቅርፊቱን በጣትም ሆነ በጥጥ አይላጡት፤ ሥሩ ቁስል ስለሆነ በጣም ያማታል፣ መድኃኒቱን ስታገኝም በራሱ ጊዜ ይረግፋል። አፍንጫዋ፣ ከንፈሯና የእግር ጣቶቿ ላይ ግራጫ ቅርፊት ከወጣ እከክ ነው። እከክ ወደ ሰውም ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ጓንት አይንኳት።

ቅንቅንም ሆነ እከክ የሚያመጡት ደቃቆች በትክክለኛው አጠራር ነፍሳት አይደሉም። ስምንት እግር ያላቸው፣ ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን ናቸው። ይህ የሥነ ሕይወት ትምህርት ብቻ አይደለም። ለዝንብና ለበረሮ የተሠራው ፍሊት ብዙውን ጊዜ አይገድላቸውም፤ ጥንቸሏን ግን ይጎዳታል።

በአንድ ግቢ ዶሮና ጥንቸል አብረው የሚያድሩ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ። የዶሮ ቅንቅን ቀን በእንጨት መጋጠሚያ ተሸሽጎ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ስለዚህ ቀን ቢፈልጉት አያገኙትም። ከመሸ በኋላ ባትሪ ይዘው ይሂዱና ነጭ ሶፍት በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይጥረጉ። ሶፍቱ ላይ ቀይ ጭረት ከታየ ተገኘ ማለት ነው። ይህ ፍጥረት ደም ሳያገኝ ለወራት መቆየት ይችላል። የዶሮውን ቤት ሳይነኩ የጥንቸሏን ብቻ ማጽዳት ትርፉ ድካም ነው።

የእጥበቱ ቀን

ፀሐይ ያለበትን ጠዋት ይምረጡ። ጥንቸሏን በትልቅ ካርቶን ውስጥ አዲስ ድርቆሽና ውሃ አድርገው ወደ ሌላ ክፍል ያስገቧት፤ ካርቶኑ በኋላ ይጣላል። ቤቱ ውስጥ ያለውን ጭድ፣ ሰጋቱራና ጨርቅ ሁሉ ሳያራግፉ፣ በቀስታ ጠቅልለው በፌስታል ይሰሩት። ማራገፍ የቁንጫ እንቁላልን በግቢው መበተን ነው። የታሰረው በዚያው ቀን ከግቢ ይውጣ። የጥንቸል በጠጥ ለጓሮ ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ መጣሉ ያሳዝናል፤ ለዚህ ሦስት ሳምንት ግን ይለፍዎ።

ከዚያ ትሪው ይመጣል። የጥንቸል ሽንት ካልሲየም ስለሚበዛበት እንደ ኖራ የጠነከረ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ እጭ ይደበቃል። በሳሙና ብቻ አይለቅም። አቼቶ ያፍስሱበትና ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ከዚያ በብሩሽ ሲፈትጉት ይነሳል። በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። ቀጥሎ ሁሉንም ነገር በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ፣ ሽቦውን በተለይ በመጋጠሚያዎቹ በኩል ይፈትጉ።

አሁን ዋናው መሣሪያ ይቀርባል፤ የፈላ ውሃ። በጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ ሆኖ በእንጨቱ ስንጥቅ፣ በምስማር ቀዳዳና በማጠፊያዎቹ ውስጥ ቀስ እያሉ ያንቆርቁሩት። እንቁላሉንም እጩንም ትልቁንም እኩል ይገድላል፤ ይህን የሚያደርግ ፍሊት አላውቅም። የፕላስቲክ ትሪ በፈላ ውሃ ስለሚጣመም ለእሱ እጅ የሚያቃጥል ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። የሚታጠብ ጨርቅ ካለ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ ማሽን ከሌለ በሳፋ የፈላ ውሃ ይዘፍዝፉት። ከዚያ ሁሉም ነገር እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ይዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ካጡ ጨርቁን በካውያ ይተኩሱ፣ እንጨቱን ደግሞ ማዕድ ቤት አጠገብ አቁመው በደንብ ያድርቁት። እርጥብ እንጨት ለቅንቅንም ለሻጋታም ይመቻል።

በረኪና ግዴታ አይደለም። በረኪና የሚገድለው ጀርም ነው፤ የተባይ እንቁላልን ይጨርሳል ተብሎ አይታመንበትም። የግድ እጠቀማለሁ ካሉ በመጨረሻ፣ ሽንቱና አቼቶው በሚገባ ከታጠበ በኋላ፣ በውሃ አቅጥነው ከደጅ ይጠቀሙበት። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ጥንቸሏ የምትመለሰው ሽታው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው።

ጥንቸሏን ራሷን ግን አይጠቧት። ጸጉሯ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ትበርዳለች፣ ትደነግጣለች፤ ደንግጣ ስትፈራገጥ የገዛ ጀርባዋን የመስበር አቅም አላት። ጭንዎ ላይ ፎጣ አንጥፈው በሚዶ ያበጥሯት፣ ሚዶውን በየጊዜው የሳሙና ውሃ ውስጥ ይንከሩ። ቁንጫ ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ መንሳፈፍ ስለማይችል ይሰምጣል። ገና የተወለዱ ግልገሎች ካሉ ጎጆአቸውን አይበትኑ፤ በእነሱ ጉዳይ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ከቤቱ ውጭ ያለው

ቁንጫ ከሆነ ችግሩ የሽቦው ቤት ብቻ ሊሆን አይችልም። ቁንጫ እንቁላሏን የምትጥለው እንስሳው ላይ ነው፤ እንቁላሉ ግን ሙልጭ እያለ ምንጣፍ ላይ፣ ሶፋ ሥር፣ በወለል ስንጥቅ ይወድቃል። እጩ በጨለማ አድጎ ድር ይለብስና ይተኛል። በዚያ ድር ውስጥ ሆኖ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይቆያል። የሚነቃው ሙቀት፣ ትንፋሽ ወይም የእግር ንዝረት ሲሰማው ነው፤ ለብዙ ጊዜ የተዘጋ ቤት ሲከፈት ቁንጫ በአንድ ጊዜ የሚወርረው ለዚህ ነው። ድሩን መርዝም በቀላሉ አያልፈውም። እንግዲህ የቀረው መጥረጊያና ትዕግሥት ነው። ቤቱ ያለበትን ክፍል በየቀኑ ይጥረጉ፣ ጥራጊውን ከግቢ ያውጡ፣ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ያስጡ።

ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ፣ ማታ ወለል ላይ ዝርግ ሳህን ከሳሙና ውሃ ጋር ያስቀምጡና ከላዩ ትንሽ መብራት ያብሩ። ሲነጋ ሳህኑ ውስጥ የሰመጡትን ቁንጫዎች ያገኛሉ። ይህ ወጥመድ ችግሩን ለብቻው አይጨርስም፤ ሥራዎ እየቀነሳቸው መሆን አለመሆኑን ግን ይነግርዎታል።

ውሻና ድመት ካሉ አብረው ይታከሙ። ብዙ ጊዜ ቁንጫውን የምታመጣው ጥንቸሏ ሳትሆን እነሱ ናቸው። አይጥም ታመጣለች፤ የፈሰሰ መኖ ሳያነሱ ማደር አይጥን መጋበዝ ነው። ውሻው መድኃኒት ከተቀባ ደርቆ እስኪያልቅ ከጥንቸሏ ጋር አይገናኝ።

እንዳይሞክሩት የምለው

በአገራችን ጥንቸል ለሥጋ ብዙም አትረባም፤ በተለይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች አይበሏትም። በከተማ ያለችው በአብዛኛው የልጆች ጓደኛ ናት። በዚህም የተነሳ የእንስሳት መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚያገኙት ለከብት፣ ለበግና ለውሻ የተዘጋጀ ነው። "ለጥንቸልም ይሆናል" የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሂሳቡን ግን ይመልከቱ። የተለመደው የኢቨርመክቲን መርፌ ለከብት ሲሰጥ ለ50 ኪሎ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። በዚሁ ስሌት ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል የሚደርሳት ከአንድ ሚሊ ሊትር ሃያ አምስት ላይ አንዱ እጅ፣ ማለትም 0.04 ሚሊ ሊትር ነው። በተራ ሲሪንጅ በግምት የሚለካ አይደለም። መድኃኒቱ ጥንቸል ላይ ይሠራል፤ ሐኪሞችም ለእከክና ለጆሮ ቅንቅን ይሰጡታል። መዝነው፣ አቅጥነውና ቀን ቆጥረው ግን ነው።

ሁለተኛው አደጋ በሻንጣ የሚመጣው ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ ለውሻው የላከው፣ ማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ይተርፍና ለጥንቸሏ ይታሰባል። ውስጡ ፊፕሮኒል ካለበት ጥንቸልን ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም። ፍሮንትላይን የሚባለው ማሸጊያው ላይ ራሱ ለጥንቸል እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል። ጽሑፉን ሳያነቡ አንዲት ጠብታ አይጣሉ። የውሻ የቁንጫ ቀበቶም ለጥንቸል አይታሰርም።

ማላታይንና ዲያዚኖን የበግ ገላና የእህል መጋዘን ላይ ስለሚረጩ ብዙ ሰው ይደፍራቸዋል። ሁለቱም ነርቭን የሚመቱ መርዞች ናቸው፤ ለሃግ ማዝረክረክና መንቀጥቀጥ ካዩ መርዙ ገብቷል ማለት ነው። ለትኋን እንደሚደረገው የእንጨቱን መጋጠሚያ በላምባ መቀባትም አይሆንም፤ ነገ ያንኑ እንጨት ትከረክመዋለች። ነጭ ሽንኩርት ማብላት ደሟን ይጎዳል። አመድ የቤቱ እግር ዙሪያ ለጉንዳን መከላከያ ቢነሰነስ አልከፋም፤ ገላዋ ላይ ሲሆን ግን አቧራው ሳንባዋን፣ አመዱ ራሱ ደግሞ ስትልሰው አፏን ያቃጥላታል። እንዶድም የራሳችን ሳሙና ስለሆነ የዋህ የሚመስለው አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓድዋ አካባቢ ያስተዋሉት እኮ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ለልብስ ይሁን፤ ለሚላስ ነገር አይሆንም።

አጎበርን በተመለከተ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ ነው። ዝንብ እንዳይገባባት ብለው ቤቷን በአሮጌ አጎበር ከሸፈኑላት ጎትታ ታኝከዋለች። ያልተነከረ ቱል ወይም ጥቅጥቅ ያለ የመስኮት ሽቦ፣ ያውም ጥርሷ በማይደርስበት በኩል፣ ይበቃል።

ጉንዳን፣ ነቀዝ፣ ዝንብ

ጉንዳን ቀላሉ ነው። ቤቱን ከግድግዳ ያርቁና አራቱን እግሮች ጥቂት የሳሙና ጠብታ ባለበት ውሃ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ ያቁሙ። ሳሙናው የውሃውን ገጽ ስለሚያላላው ጉንዳኑ በላዩ መሄድ አይችልም። በየሦስት ቀኑ ውሃውን ይቀይሩ፤ አለዚያ የትንኝ ማርቢያ ይሆናል።

መኖው ውስጥ ነቀዝ ከገባ ጥንቸሏን አይነክሳትም፤ መኖው እርጥበት አግኝቶ ሊሆን እንደሚችል ግን ይናገራል፣ እርጥበት ካለ ሻጋታም ሊኖር ይችላል። ፉርሽካው የሻገተ ሽታ ካለው ሳይራሩ ይጣሉት። ደቃቅ የእህል ቅንቅን መኖሩን ለማወቅ ከጆንያው ሥር አንድ ማንኪያ ብናኝ ወስደው ወረቀት ላይ ሾጠጥ አድርገው ይከምሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክምሩ በራሱ ከተዘረጋ በሕይወት ያሉ ናቸው። አዲስ የገዙትን መኖ በፌስታል አድርገው ለአራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ቢያኖሩት ነቀዙ ከነእንቁላሉ ይሞታል። ከዚያ ክዳን ባለው ባልዲ ይቀመጥ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ከሚያልቀው በላይም አይግዙ። ለእህል ጎተራ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ግን ሰውም እንስሳም በሚያድርበት ቤት ውስጥ በፍጹም አያስገቡ። እርጥበት ሲነካው የሚለቀው ጋዝ ጥንቸሏን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ይፈጃል።

ዝንብ ከሁሉም የከፋው ነው፤ በተለይ ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ፣ በመስከረም። የቤት ዝንብ በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል እስከ ክንፍ የምትደርሰው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው። ትሪውን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካራገፉ ዑደቱ ይሰበራል፤ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ዝንቧ መምጫ ምክንያት አይኖራትም። አደጋው ግን ትሪው ላይ አይደለም። የወፈረች፣ ያረጀች ወይም ተቅማጥ የያዛት ጥንቸል መቀመጫዋን ማጽዳት ስለሚያቅታት ዝንብ እዚያው ጸጉሯ ላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ትሉ ሕያው ሥጋ መብላት ይጀምራል። በዚህ ወቅት ጠዋትና ማታ ገልብጠው መቀመጫዋን ይዩ። ነጫጭ ደቃቅ ቅንጣቶች ካዩ ወዲያውኑ በሚዶ ያውጡ። ትል ካዩ ግን የቤት ሕክምና አይሞክሩ፤ የሚታዩትን በወረንጦ እየለቀሙ፣ ውሃ ውስጥ ሳይነክሯት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ። ነገ ጠዋት ከተባለ ብዙውን ጊዜ ይረፍዳል።

ሦስቱ ሳምንታት

ጥንቸሏ ወደ ታጠበው ቤቷ ስትመለስ ጭድም ሰጋቱራም አይጨምሩ። ወለሉ ላይ ነጣ ያለ ወረቀት ወይም ጋዜጣ ብቻ ያንጥፉ፣ የምትበላውን ድርቆሽ በመስቀያ ያድርጉላት። በወረቀት ላይ ጥቁር ነጥብም የሚንቀሳቀስ ነገርም ቶሎ ይታያል። ወረቀቱ በየቀኑ ይቀየር፣ ማበጠሩ በየሁለት ቀኑ ይሁን። ሙሉው እጥበት፣ የፈላ ውሃው ጭምር፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሃያ አንደኛው ቀን ይደገም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዛሬ ያመለጠ እንቁላል በሚቀጥለው ሳምንት ይፈለፈላል፤ የጆሮ ቅንቅንም ከጥንቸሏ ገላ ተለይቶ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ መቆየት ይችላል። ሐኪም መድኃኒት ከሰጣት እጥበቱን ከመድኃኒቱ ቀን ጋር ያገናኙት፤ የታከመች ጥንቸል ወዳልታጠበ ቤት ከተመለሰች ገንዘቡ ባከነ።

በሃያ አንደኛው ቀን ሶፍቱ ነጭ፣ ሳህኑ ባዶ ከሆነ ጭዱን ይመልሱ። ሰጋቱራ ከሆነ ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የወጣውን አይቀበሉ፤ ሙጫና ብናኝ የበዛበት ነው።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ጥንቸል ያያሉ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ሁሉም ክሊኒክ አያይም። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሩቅ አይደለም። ጥንቸሏ ለግማሽ ቀን ምንም ካልበላች፣ አንገቷ ከተጣመመ፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ቁስሏ ላይ ትል ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ። ቤትዎ ውስጥ የተረጨ ወይም የተቀባ ነገር ካለ ደግሞ ጣሳውን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።